ቀጠሮ ያጸናው ወገን

በአየርላንድ የገና ዕለት መንገዱ ጭር ይላል። ባቡር አይንቀሳቀስም፣ ሱቆች አይከፈቱም፣ መጠጥ ቤቶችም በሕግ ዝግ ናቸው፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ከቅርብ ዘመዱ ጋር ማዕድ ይቀርባል። በማግስቱ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት፣ በሊመሪክ ከተማ ይህ ጭርታ ይሰበራል። ቀይ ማሊያ የለበሰ፣ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ሕዝብ የሻነንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቶመንድ ፓርክ ስታዲየም ይተማል። የደቡብ ምዕራቡ ክፍለ ሀገር የራግቢ ቡድን መንስተር መቀመጫውን ደብሊን ካደረገው ከሌንስተር ጋር የሚገናኝበት ጨዋታ ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ በዚሁ ዕለት፣ አለዚያም በዚያው ሳምንት ውሏል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይተያዩ የከረሙ የሰፈር ልጆች በረድፉ መካከል ይተቃቀፋሉ። ይህን ሕዝብ ምን አንድ ያደርገዋል ቢባል ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «የቡድን ፍቅር» የሚል ነው። መልሱ እውነት አለው፤ ግን ገና መጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ይዘጋል። ፍቅሩን ምን ያቆየዋል? ሲደበዝዝስ ሰውን ከሞቀ ቤቱ አውጥቶ ወደ ብርድና ዝናብ የሚወስደው ምንድን ነው? የዚህ ሐተታ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የደጋፊን ማኅበር የሚያጸናው በየዓመቱ የሚመለስ ቀጠሮ ነው። ፍቅሩ የሚያድገው ቀጠሮውን በመጠበቅ ነው፤ ድሉም፣ ትዝታውም፣ ዘፈኑም ማደሪያ የሚያገኙት ቀኑ ስላለ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ራሱ ጨዋታው ነው። ራግቢ ሰውነትን ክፉኛ የሚጎዳ ስፖርት ነው፤ አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ሆነው ለሰማንያ ደቂቃ የሚላተሙ ሰዎች በየሳምንቱ ቢሰለፉ አይዘልቁም። ስለዚህ የአየርላንድ ራግቢ ማኅበር የብሔራዊ ቡድኑን ዋና ዋና ተጫዋቾች በራሱ ውል ይዞ ምን ያህል እንደሚጫወቱ ይቆጣጠራል። የገና ሰሞን ደርቢዎች የሚውሉት ደግሞ በሁለት የአውሮፓ ዋንጫ ዙሮች መካከል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የስድስቱ አገሮች ውድድር ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ስመ ጥሮቹ በእነዚህ ቀናት ብዙ ጊዜ ያርፋሉ፤ በቦታቸው ወጣቶችና ተቀያሪዎች ይገባሉ። ደጋፊው ይህን አስቀድሞ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የእስጢፋኖስ ዕለት ሌንስተር መንስተርን በገዛ ሜዳው 20 ለ 19 አሸነፈ። በ2023 በዚያው ዕለት 9 ለ 3 ደገመው፤ በራግቢ አቆጣጠር ይህ ውጤት በሰማንያ ደቂቃ ውስጥ አንድም ትራይ (ኳስን ከመስመሩ ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) አልገባም ማለት ነው፤ ነጥቡ ሁሉ የመጣው ከእርግጫ ነው። በ2024ም በዚያው ሰሞን 28 ለ 7 ሠለሰው። ሦስት ገና፣ ሦስት ሽንፈት። ጨዋታን እንደ ሸቀጥ የሚገዛ ሰው ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር፤ የተሻለ ጨዋታ በቴሌቪዥን ያገኛል፣ ያውም እሳት ዳር ተቀምጦ። ሃያ ስድስት ሺህ ገደማ ሰው የሚይዘው ስታዲየም ግን በዚህ ሰሞን ይሞላል። የጨዋታው ጥራት ሲወርድ የሰዉ ብዛት ካልወረደ፣ ሰዉ የሚመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

«ሰዉን የሚያመጣው የድሮው ድል ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ክብደት ስላለው መልስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1978 ማክሰኞ ከቀትር በኋላ መንስተር በዚሁ ሜዳ ኒውዚላንድን 12 ለ 0 ረታ። የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን እንኳ ኒውዚላንድን ለመርታት የበቃው በኖቬምበር 2016 ነው። በዚያ ቀን ሜዳው የያዘው አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ገደማ ነበር፤ «እኔም ነበርኩ» የሚለው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ በሊመሪክ ሲነገር ኖሯል። ጸሐፌ ተውኔቱ ጆን ብሪን ታሪኩን በ1999 ለመድረክ አብቅቶታል። ይሁንና ድል በራሱ ማኅበርን ማቆየት ቢችል ኖሮ ዋንጫ የራቀው ቡድን ደጋፊ አልባ በሆነ ነበር። መንስተር ከ2011 እስከ 2023 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ዋንጫ አላነሣም። በ2011 የተወለደ የሊመሪክ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ቡድኑ ሻምፒዮን ሲሆን አላየም፤ ሆኖም ደጋፊ ሆኖ አደገ። ያሳደገው ድሉ አይደለም፤ ስለ ድሉ የሚነገርበት ቦታና ጊዜ መኖሩ ነው። የ1978ቱ ጨዋታ ሕያው የሆነው አባት ለልጁ ያን ሜዳ እያሳየ «እዚያ ጋ ነው የገባችው» ብሎ የሚነግርበት ቀን በየዓመቱ ስለሚመጣ ነው። ቀን የሌለው ትዝታ መዝገብ ውስጥ ይቀራል፤ ቀን ያለው ትዝታ ይወረሳል።

ቀጠሮው ለምን በገና ሰሞን ይበልጥ ይበረታል የሚለውን ለመረዳት አየርላንድ የስደት አገር መሆኗን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከ1840ዎቹ ረኀብ ጀምሮ ትውልድ ከትውልድ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ ሲፈስ ኖሯል፤ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላም ብዙ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። ገና ደግሞ ተጓዡ የሚመለስበት ሰሞን ነው። የተመለሰው ሰው ግን ሁለት ነገር ይናፍቃል። አንዱ ቤቱ ነው፤ ይህን በገና ዕለት ያገኛል። ሌላው ከቤት ውጭ ያለው አገር ነው፦ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሰፈር አዛውንት፣ በስም ሳይሆን በመልክ ብቻ የሚታወቅ ጎረቤት። እነዚህን አንድ በአንድ ሄዶ ለመጠየቅ ጊዜ አይበቃም፤ ሄዶ ለመጠየቅ የሚያበቃ ቅርበትም ላይኖር ይችላል። የራግቢው ቀን እነዚህን ሁሉ ማንም ማንንም ሳይጋብዝ በአንድ ቦታ ያገኛቸዋል። ይህን ነገር ኢትዮጵያውያን በሚገባ እናውቀዋለን። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ሰሞን የሚያካሂደው የእግር ኳስ ውድድር ከተማው ይቀያየራል፣ አሸናፊውም ይቀያየራል፤ ሳምንቱ ግን አይቀያየርም። ከሚሄደው ሕዝብ ብዙው አንድ ግብ ሳያይ ይመለሳል። የተገናኘው ግን ከሃያ ዓመት በፊት ከተለየው ጓደኛው ጋር ነው። ኳሱ ባይኖር ቀኑ አይኖርም ነበር፤ ቀኑ ባይኖር ደግሞ ጓደኛሞቹ እንደተነፋፈቁ ይቀሩ ነበር።

በዓልና ጨዋታ የተጋቡት ቴሌቪዥን ከመፈጠሩ በፊት ነው። በአየርላንድ የእስጢፋኖስ ዕለት ጥንትም ሰው ከቤት የሚወጣበት ቀን ነበር፤ በመንስተር ክፍለ ሀገር በምትገኘው በዲንግል ከተማ ዛሬም ድረስ ሰዎች የገለባ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ከበሮና ዋሽንት እያሰሙ በዚያ ቀን ጎዳናውን ይሞሉታል። በእኛም አገር በገና ቀን እረኛውና መኳንንቱ ሩር ሲለጉ መዋላቸው፣ ጌታም በሎሌው ምት እንዳይቆጣ መጠበቁ የታወቀ ነው። ሁለቱም ልማዶች አንድ ነገር ያሳያሉ። የቤት ማዕድ የሚሰበስበው በሥጋ ዝምድና ነው፤ ስለዚህ ዘመድ ያልሆነውን በር ላይ ያስቀረዋል። የአደባባይ ጨዋታ የሚሰበስበው በቀን ነው፤ ስለዚህ ቀኑን የጠበቀ ሁሉ ይገባል። አንድ ኅብረተሰብ ሁለቱም ያስፈልጉታል። በቤቱ ብቻ በዓል የሚያከብር ሕዝብ ቀስ በቀስ ጎረቤቱን ማወቅ ያቆማል። በአየርላንድ ሌሎች ከተሞች ራግቢ ለረጅም ዘመን የሀብታም ትምህርት ቤቶች ልጆች ስፖርት ሆኖ ሲኖር፣ በሊመሪክ የወደብ ሠራተኛውና ሐኪሙ በአንድ ክለብ ማሊያ ተሰልፈው ኖረዋል። በከተማዋ የገና ሰሞን ጨዋታ የአደባባይ በዓልነት የጠነከረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የሚከብደው ስለ ገበያ የሚነሣው ነው። ቀኑን የሚቆርጠው የሊጉ አስተዳደርና የቴሌቪዥን ጣቢያው ነው፤ ሰዉ በዓሉን ያከበረ እየመሰለው ቲኬት፣ ማሊያና ቢራ ሲገዛ ይውላል፤ ታዲያ ይህ ማኅበር ነው ወይስ ሸማች? ይህን ለማጠናከር የሚጠቀስ እውነተኛ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የመንስተርና የሌንስተር ጨዋታ ሊመሪክ ላይ በስቅለት ዓርብ ዋለ። ከ1927 ጀምሮ በነበረው ሕግ በዚያ ቀን መጠጥ ቤት መክፈት ክልክል ነበር፤ የከተማዋ መጠጥ ቤት ባለቤቶች ፍርድ ቤት ቀርበው ጨዋታው የተለየ ዝግጅት መሆኑን አስረዱ፣ ፈቃድም አገኙ። ክልከላው ራሱ በ2018 ለአገሩ ሁሉ ተነሣ። ጨዋታው ከጾሙ በላይ ሆነ ብሎ ያዘነ ሰው ሐዘኑ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጉዳይ የሚወጣው ድምዳሜ የተቃዋሚው አይደለም። ቀን ቆራጩ ማን ነው የሚለውና ሰዎች በተቆረጠው ቀን ምን ያደርጋሉ የሚለው ሁለት የተለያየ ጥያቄ ነው። ብዙ የገበያ ቀን በገዢዎች ትእዛዝ ተቆርጦ የሰው መገናኛ፣ የመተጫጫና የእርቅ ቀን ሆኗል። ነጋዴ መቀመጫ ይሸጣል፤ በመቀመጫው ግራና ቀኝ ለሃያ ዓመት የተቀመጡ ሰዎች የሚለዋወጡትን ጥየቃ መሸጥ አይችልም። ዋጋ ያለው ነገር በአጠገቡ በሚሸጥ ነገር ምክንያት አይረክስም፤ የሚረክሰው ሻጩ ቀኑን እንዳሻው ሲያንከራትተውና ዋጋውን ሲሰቅለው ነው። ስለዚህ የቀጠሮ ሐሳብ ገበያውን ይቅር የሚል አይደለም፤ ገበያውን የምንለካበት ሚዛን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ስለ ጠላትነት ነው። ደርቢ የሚሞቀው በጥላቻ ነው፤ «እኛ» የሚለው ቃል ያለ «እነርሱ» አይቆምም፤ የሰላም በዓል በተባለ ሳምንት ደግሞ ይህ ያሳፍራል ይላሉ። ለዚህ መልሱ ያለው በቶመንድ ፓርክ ከሁሉ ይበልጥ በሚታወቅ አንድ ልማድ ውስጥ ነው። መቺው ኳሷን በማቆሚያዋ ላይ ያስቀምጣል፤ ወደ ኋላ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ወደ ጎን ዞር ብሎ ምሰሶዎቹን ቀና ብሎ ያያል። በዚህ ጊዜ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል። ከአፍታ በፊት ሲያስተጋባ የነበረ ሃያ ስድስት ሺህ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የአንድ ሰው ሳል፣ የአንድ ሕፃን ጥያቄ ከወዲያኛው ጥግ ይሰማል። መቺው የሌንስተር ሰው ሲሆንም ጸጥታው ያው ነው፤ በነጥብ ልዩነት ጨዋታውን ሊወስድባቸው ሲዘጋጅ እንኳ ያው ነው። የሚያፏጭ እንግዳ ቢኖር የሚገሥጸው ጥበቃ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጡት አዛውንት ናቸው። ይህን ሥርዓት ያስተማረው የታተመ ደንብ አይደለም፤ ታናሽ ከታላቁ እያየ የተማረው ነው። ለተቃራኒው ዝም ማለት የሚችል ደጋፊ በጥላቻ የሚነዳ ደጋፊ ሊሆን አይችልም። ለምን ይህ ሆነ ብንል መልሱ ወደ ቀጠሮው ይመልሰናል። አንድ ጊዜ ብቻ የምትገጥመውን ሰው ማዋረድ ቀላል ነው። በሚቀጥለው ገናም፣ ከዚያ ወዲያ ባለው ገናም የምትገጥመው ባላጋራ ግን የዓመትህ አካል ይሆናል፤ እርሱ ካልመጣ አንተም በዓል የለህም። የተመላለሰ ፉክክር ጠላትን ወደ ባለቀጠሮ ይለውጣል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን ስለ ሐዘንተኛውና ስለ ብቸኛው የሚነሣው ጥያቄ ነው። በዓል ለተከፋ ሰው ይከብዳል፤ የደስታ ጩኸት የጎደለውን ሰው ይበልጥ ያሳያል። ሆኖም የመንስተር ደጋፊ ይህን ፈተና በአደባባይ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 2016 የቡድኑ አሠልጣኝ አንቶኒ ፎሊ ከሬሲንግ 92 ጋር ሊደረግ በታሰበው ጨዋታ ዕለት በፓሪስ አቅራቢያ ባረፈበት ሆቴል በድንገት ሞተ፤ ዕድሜው 42 ነበር። ቡድኑ በ2006 የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ሲያነሣ አምበሉ እርሱ ነበር፤ አባቱ ብሬንዳን ፎሊም በ1978 ኒውዚላንድን ካሸነፉት ተጫዋቾች አንዱ ናቸው። ከስድስት ቀን በኋላ መንስተር ከግላስጎው ጋር ሲሰለፍ ፎሊ ይለብሰው የነበረውን 8 ቁጥር ማንም አልለበሰውም፤ ያን ቁጥር ደጋፊዎቹ ካርቶን ይዘው በመቀመጫዎቹ ላይ ሠሩት። ከዚያ ገና መጣ። በእስጢፋኖስ ዕለት ሰዉ እንደ ወትሮው ወጣ፣ ሌንስተርም 29 ለ 17 ተሸነፈ። ድሉ ሐዘኑን አላነሣውም። ቀኑ መጠበቁ ግን የሟቹ ቦታ የጋራ መሆኑን አሳየ። ይህ ለታዋቂ ሰው ብቻ የሚሠራ አይደለም። በየረድፉ አንድ ዓመት የሚጎድል ሰው አለ፤ የጎደለው መጉደሉ የሚታወቀው ደግሞ በተወሰነ ቀን በተወሰነ ቦታ ይገኝ ስለነበረ ነው። መበለቲቱን «እንዴት ከረምሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የሁለት ወንበር ጎረቤት በሌላ ቀን ደጇን ለማንኳኳት ምክንያት አይኖረውም።

ይህን ካልሁ በኋላ ቀጠሮው የማያደርገውንም መናገር ግድ ነው። ቲኬት መግዛት ያልቻለው ውጭ ይቀራል። ከመጠጥ ጋር ትግል ላይ ላለ ሰው የገና ሰሞን ስታዲየምና ዙሪያው ክፉ ፈተና ነው። ተጫዋቹ፣ የበር ጠባቂው፣ ምግብ ሻጩና የአምቡላንስ ሠራተኛው የሌላው በዓል እንዲሞላ የራሳቸውን በዓል ይቆርሳሉ፤ ተጫዋቹ በገና ማዕድ ላይ የሚበላውን መጥኖ ሲቀመጥ ልጆቹ ያያሉ። እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ ማኅበሩ ራሱን ማኅበር ብሎ እስከጠራ ድረስ ዕዳዎቹ ናቸው። ሆኖም ዕዳነታቸውን የምናውቀው ማኅበሩን ከቁም ነገር ስለቆጠርነው ነው። ጨዋታው ተራ ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ ያልቻለ ይቅርበት ማለት ይበቃ ነበር። የጋራ ቀን ከሆነ ግን በቀኑ ላይ የማይገኙትን ማሰብ፣ ለሕፃንና ለጡረተኛ የሚቻል ዋጋ መተው፣ አልኮል የሌለበት ጥግ ማዘጋጀት፣ በሥራ ላይ የዋሉትን ማመስገን ከባለቀኖቹ ይጠበቃል።

የሊመሪክ ጉዳይ ከሊመሪክ የሚያልፈው በዚህ ነው። ኤዲንብራና ግላስጎው፣ የዌልስ ክለቦችም እርስ በርሳቸው በዚሁ ሰሞን ይገናኛሉ፤ በየቦታው ሰዉ ውጤቱን ረስቶ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያስታውሳል። በዘመናችን ወገን መፈለግ የብዙ ሰው ጭንቀት ሆኗል። ብዙዎች የሚጀምሩት ግን ከስሜቱ ነው፤ መጀመሪያ የሚመስለኝን፣ የሚወደኝን ሰው ላግኝ፣ ከዚያ እንሰበሰባለን ይላሉ። ስሜቱ እስኪመጣ ሲጠብቁ ዓመታት ያልፋሉ። የራግቢ ደጋፊዎቹ የሚያስተምሩት ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ቀን ይቆረጣል፣ ቀኑም በድልም በሽንፈትም ይጠበቃል፣ ፍቅሩ እየቆየ ይከተላል። ስለዚህ የጨዋታ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚሠራ አይምሰለው፤ የብዙ ቤተሰብን ዓመት በእጁ ይዟል፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀኑን ሲያዛውር አንድን ትውልድ ከሌላው የሚያገናኘውን ያላላል። ደጋፊውም በበኩሉ ቡድኑ ስለተዳከመ ወይም ብርዱ ስለበረታ መቅረት የግሉ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይወቅ፤ በመቅረቱ የሚጎዳው ቡድኑ ሳይሆን ወንበሩን አይቶ የሚጠይቀው ጎረቤቱ ነው። ወገንነት ከሁሉ አስቀድሞ የመገኘት ግዴታ ነው፤ ይህን ግዴታ በደስታ የሚወጡ ሰዎች ባሉበት ሁሉ ማኅበር ይኖራል።